ከሳማው በፊት ደሙን፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የደም ማነስ ባህላዊ ሕክምናን ስለ ማጥናት

ስለ ባህላዊ ሕክምና የሚቀርቡ የድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን የተለመደ መልክ አላቸው። አጥኚው ወደ አንድ ወረዳ ይወጣል፤ አዋቂዎችን ይጠይቃል፤ ቅጠሉን፣ ሥሩንና ፍሬውን ይመዘግባል፤ ከሠንጠረዡም በአንዱ ረድፍ «ለደም ማነስ» ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ የሚመጣው አጥኚ ያንኑ ቅጠል አድርቆና ፈጭቶ በቤተ ሙከራ የብረት መጠኑን ይለካል። መጠኑ ከፍ ብሎ ሲገኝ ተክሉ «ለደም ማነስ ሕክምና ተስፋ ሰጪ» ይባላል፤ ተጨማሪ ጥናት እንዲደረግም ይመከራል። በዚህ ሁሉ ሂደት የአንዲት ሴት ደም እንኳ አልተለካም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ለደም ማነስ የሚውለውን ባህላዊ ዕውቀት ማጥናት ይገባናል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ገልብጠነዋል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በእነዚህ ደጋዎች ብረት በእርግጥ የጎደለው ሰው ማን እንደ ሆነ ነው። ቀጥሎ ወደ አፍ የገባው ብረት ወዴት እንደሚሄድ ይጠየቃል። የቅጠሉ ተራ ከዚያ በኋላ ነው። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ርዕስ ላይ የሕንድ አብነት ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሕንድ በ2014 ነባር የሕክምና ሥርዓቶቿን የሚመራ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቋቁማለች፤ አዩርቬዳ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይሰጣል፤ ለብረት እጥረት የሚታዘዙ ነባር ቅመማዎችም በመንግሥት የምርምር ምክር ቤት አማካይነት በሕመምተኞች ላይ ተሞክረዋል። «እኛስ ለምን ይህን አናደርግም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አብነቱን ከመከተላችን በፊት በውስጡ ያለውን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ብዙዎቻችን በስም እንጂ በይዘት አናውቀውምና።

ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ የሳንስክሪት የሕክምና መጽሐፍ ፓንዱ ስለሚባል ሕመም ይናገራል። ቃሉ መገርጣትን፣ ወደ ቢጫ ያደላ ንጣትን ያመለክታል። መጽሐፉ ሕመሙን በአምስት ይከፍለዋል፤ አምስተኛው አፈር ከመብላት የሚመጣ ነው። በእርግዝና ጊዜ አፈር የማማር ነገር በአገራችንም የታወቀ ስለ ሆነ ይህ ክፍፍል ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የዛሬው ሳይንስ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ያየዋል፤ አፈር ማማሩ አንዳንድ ጊዜ የብረት እጥረት ምልክት ነው፤ አንዳንዱ የሸክላ አፈር ደግሞ በአንጀት ውስጥ ብረትን ስለሚይዝ እጥረቱን ያባብሰዋል።

ለፓንዱ ከሚታዘዙት አንዱ ናቫያስ ላውሃ የሚባለው ቅመማ ነው። ዘጠኝ ዕፅዋት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ እጅ ይገባሉ፤ ደጋግሞ በእሳት ተቃጥሎ ዱቄት የሆነ ብረት ደግሞ ዘጠኝ እጅ ይጨመራል። እንግዲህ የመድኃኒቱ ግማሽ ብረት ነው። ከዘጠኙ አንዱ አምላ የሚባለው፣ ቫይታሚን ሲ የሞላበት ጎምዛዛ ፍሬ ነው። ሌላው ቪዳንጋ ይባላል፤ የታወቀ የትላትል መድኃኒት ሲሆን በሳይንሳዊ ስሙ ኤምቤሊያ ሪቤስ ነው። የእኛው እንቆቆ፣ ኤምቤሊያ ሺምፐሪ፣ የእርሱ የወገን ተክል ነው፤ ሁለቱም በየአገራቸው ለአንድ ዓይነት ሥራ መዋላቸው ሊያስደንቅ ይገባል።

በዚህ ቅመማ ውስጥ ሦስት አሳቦች አሉ፦ የጎደለውን መተካት፣ መመጠጡን ማገዝ፣ ደም የሚቀንሰውን ማስወገድ። የጥንቶቹ ቀማሚዎች ነገሩን በእነዚህ ቃላት አላስቀመጡትም፤ ሥራው ግን ይኸው ነው። «የሕንድ ዕፅዋት ለደም ማነስ» እያልን የምንጠቅሰው እንግዲህ በአመዛኙ የብረት መድኃኒት ነው፤ ከጤና ጣቢያው ክኒን ጋር ያለው ዝምድና ከቅጠል ሻይ ጋር ካለው ዝምድና ይቀርባል።

አብነቱ ጥላም አለው። በ2004 የታተመ ጥናት በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከሚሸጡ 70 የአዩርቬዳ ውጤቶች በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። እርሳስ ሰውነት ሄሞግሎቢን የሚሠራበትን ሂደት በቀጥታ የሚያውክ ብረታ ብረት ነው፤ ለደም ማነስ ተብሎ የተወሰደ መድኃኒት የደም ማነስ ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ በ2019–21 የተደረገው የሕንድ ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው መዝግቧል። ነባሩ ሕክምናም፣ የመንግሥት ክኒኑም፣ ሚኒስቴሩም ባሉበት አገር ቁጥሩ ይህ ነው።

ይሁንና ከሕንድ ልንዋሰው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ክርክሩ ነው። በ2021 ሕንዳውያን ተመራማሪዎች ጤናማ ሕፃናትንና ወጣቶችን ለይተው ሄሞግሎቢናቸውን በመለካት ዓለም አቀፉ የመለያ ነጥብ ለሕንድ ልጆች ከፍ ያለ ነው ብለው አሳተሙ። በራሳቸው ነጥብ ሲሰላ የደም ማነስ ስርጭት ከ30 በመቶ ወደ 11 በመቶ ገደማ ወረደ። በዚህ ግኝት የማይስማሙ አሉ፤ ጥያቄው ግን ለእኛ ደጋዎች ከሕንድ ሜዳ ይልቅ የጠነከረ ነው።

ምክንያቱም መንዝ ከፍታ አለው። መሐል ሜዳ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጓሳ ምድር ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። ኦክስጅን በሚሳሳበት ከፍታ የሰው ሄሞግሎቢን ይጨምራል ተብሎ ስለሚታሰብ በጥናትም በክሊኒክም ከተለካው ቁጥር ላይ ለከፍታ ተቀናሽ ይደረጋል። ለረጅም ጊዜ የሠራው የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ በ3000 ሜትር 1.9፣ በ3500 ሜትር 2.7 ግራም በዴሲሊትር ይቀንስ ነበር። የተቀነሰው ቁጥር ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ አለባት ትባላለች። የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶችም ይህን መሰል ማስተካከያ ያደርጋሉ።

ተቀናሹ የተገነባው ግን ሄሞግሎቢን ከከፍታ ጋር በሁሉም ሕዝብ ዘንድ በተመሳሳይ መጠን ይጨምራል በሚል ግምት ላይ ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ያሳተሙት ሥራ ይህን ግምት በእኛው ተራሮች ላይ አናጋው። በሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ነባር ነዋሪዎችን ለክተው የወንዶቹን አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹን 15.0 ሆኖ አገኙት፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95.3 በመቶ ነበር። ይህ ከባሕር ጠለል አጠገብ ከሚኖር ሰው ልኬት ብዙም አይርቅም። የአንዲስ ሰዎች በዚያ ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው በግልጽ ይጨምራል፤ የእኛዎቹ ግን እምብዛም አልጨመሩም። በ2012 የታተመ የዘረ መል ጥናት ደግሞ አማሮችንና ኦሮሞዎችን በማነጻጸር የከፍታው ተጽዕኖ በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት አለመሆኑን አሳይቷል፤ በአገራችን ውስጥ እንኳ ነገሩ ወጥ አይደለም ማለት ነው።

ስሌቱን እንሥራው። የሰሜን ተራሮቹ ሴቶች አማካይ 15.0 ነው። በ3500 ሜትር ተቀናሽ 2.7 ሲወጣለት 12.3 ይቀራል። የመለያው ነጥብ 12 ነው። አማካዩ ራሱ ከነጥቡ በ0.3 ብቻ ከፍ ካለ፣ ከአማካዩ በታች ካሉት ሴቶች ብዙዎቹ «ደም ያነሳቸው» ተብለው ይመዘገባሉ። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዡን ሲያሻሽል ለከፍተኛው ደጋ ተቀናሹን ጥቂት ዝቅ አደረገ፤ ከ3500 ሜትር በላይ 2.5 ሆኗል። በአንጻሩ ለመካከለኛው ከፍታ ጨመረ፤ በ2000 ሜትር 0.8 የነበረው አሁን 1.4 ነው። ስለዚህ ዓለም ከተማ ላይ በመርሐ ቤቴ የምትመረመር ሴት፣ በሰውነቷ ምንም ሳይለወጥ፣ በአዲሱ ሠንጠረዥ የ0.6 ግራም ልዩነት ይጠብቃታል። እነዚህን ቁጥሮች ሳያይ በ3000 ሜትር የደም ማነስ ስርጭት የሚጽፍ ተማሪ የሚለካው ደም ይሁን ሠንጠረዥ መለየት አይችልም።

አንድ መቃወሚያ ይነሣል። በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከሴቶች 24 በመቶ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 57 በመቶ የደም ማነስ ሲገኝባቸው የአማራ ክልል ሴቶች ቁጥር ከ20 በመቶ በታች ነበር፤ በሶማሌ ክልል ግን ከግማሽ በላይ። ተቀናሹ ደገኛውን የሚያበዛ ቢሆን ኖሮ አማራ ክልል ለምን ዝቅ አለ? መልሱ፣ በእኔ አስተያየት፣ በክልሉ አማካይ ውስጥ ተሸሽጓል። አብዛኛው የክልሉ ሕዝብ የሚኖረው ከ3000 ሜትር በታች ነው፤ መንዝና ግሼ በአማካዩ ውስጥ ይሟሟሉ። የሰሜን ተራሮች ውጤት መንዝ ላይ በትክክል ይደገማል ብዬም አልከራከርም። የምከራከረው ማንም የመንዝን ሴቶች «ደም አነሳቸው» ከማለቱ በፊት ከሄሞግሎቢን ጋር ፌሪቲንን መለካት እንዳለበት ነው። ፌሪቲን የተከማቸውን ብረት ያሳያል። በአዋቂ ሰው ከ15 ማይክሮ ግራም በሊትር በታች ከሆነ ክምችቱ አልቋል ይባላል፤ ሰውየው ኢንፌክሽን ካለበት ግን ፌሪቲን ከፍ ብሎ ስለሚያታልል ነጥቡ 70 ይደረጋል፤ ለዚህም ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን አብሮ መለካት አለበት።

ይህ ከባህላዊ ሕክምና ጋር ምን አገናኘው? ሁሉን ነገር ያገናኘዋል። አንድ ተማሪ በመሐል ሜዳ አካባቢ ሄሞግሎቢናቸው ከተቀነሰ በኋላ ከ12 በታች የሆነ 40 ሴቶችን መርጦ ለስድስት ሳምንት የሳማ ወጥ ቢያበላ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይጠብቀዋል። ከሴቶቹ የተወሰኑት ብረት ያልጎደላቸው ከሆኑ የትኛውም መድኃኒት፣ ክኒኑም ቢሆን፣ ሄሞግሎቢናቸውን አይጨምርም፤ ጥሩ መድኃኒት ከንቱ ይባላል። ሁለተኛው ይብሳል። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚደረግ ልኬት ከቀን ቀን ይዋዥቃል። እውነተኛ አማካይዋ 12.4 የሆነ ሴት በምርጫው ቀን 11.7 ልትለካ ትችላለች፤ በስድስተኛው ሳምንት ወደ ራሷ አማካይ ትመለሳለች፤ ጭማሪውም ለሳማው ይመዘገብለታል። ከነጥብ በታች ያሉትን መርጦ ደግሞ መለካት ያለ አንዳች ሕክምና «መሻል» ያመጣል። ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው የ«በፊትና በኋላ» ጥናት ዋጋ የማይኖረው ለዚህ ነው። ለደም ማነስ በአዩርቬዳ መድኃኒቶች ላይ ከተሠሩት ሙከራዎች ብዙዎቹ በዚህ ድካም ይታማሉ፤ እኛም አብነቱን ስንቀዳ ድካሙን አብረን እንቀዳለን።

ወደ ቅጠሉ እንምጣ። ሳማ፣ ኡርቲካ ሲሜንሲስ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ተክል ነው። ለጋው ቅጠል ይለቀማል፤ ይቀቀላል፤ ይታሻል፤ ወጥ ይሆናል። በክረምት ጎተራው ሲጎድልና በጾም ወራት የድኻ ምግብ ነው፤ አሁን አሁን ለጤና ተብሎ በከተማም ይፈለጋል። ብረት አለው፤ ይህ አያከራክርም። ካልሲየምም በብዛት አለው፤ ካልሲየም ደግሞ የብረትን መመጠጥ ይቀንሳል። በሳህኑ ያለውን ብረት ቆጥሮ በደም ውስጥ የሚገባውን አወቅሁ ማለት ስለማይቻል የአመድ ትንተናው ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ይህን ትምህርት አገራችን በጤፍ ላይ አንዴ ከፍላበታለች። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የተደረጉ የምግብ ጥናቶች ኢትዮጵያውያን ከሚያስፈልጋቸው እጅግ የበለጠ ብረት እንደሚበሉ አሳይተው ነበር። ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቨ ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተመው ሥራ ይህን ጉዳይ በሰፊው መረመረ። ከዚያ በፊት በ1963 የታተመ ሌላ ሥራ በጤፍ ውስጥ የተገኘው ብዙ ብረት በአውድማ ከተደባለቀ አፈር የመጣ መሆኑን አመልክቶ ነበር። በሬ የሚያበራየው እህል ከአፈሩ ብረት ይይዛል፤ ያ ብረት ግን በአብዛኛው እንደ ገባ ይወጣል። የጤፍ ብረት አፈ ታሪክ ግን እስከ ዛሬ በየማስታወቂያው ይኖራል።

መንዝ ደግሞ የጤፍ አገር አይደለም። የላይኛው ደጋ የገብስ አገር ነው፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር። ገብሱ እንጀራና ቂጣ ይሆናል፤ ቆሎ ይሆናል፤ በሶ ይሆናል፤ ቂንጬና ገንፎ ይሆናል፤ ጠላ ይሆናል። በጉ በበዛበት አገር ሥጋ በየቀኑ አይበላም፤ በጉ የገበያ ነው፤ የቀረውን ጾሙ ይቆጣጠረዋል። ስለዚህ የመንዝ ሴት ብረቷን የምታገኘው ከእህልና ከጥራጥሬ ነው፤ የእህል ብረት ትልቁ ጠላት ደግሞ በራሱ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት ነው።

እውነተኛው የባህል ሕክምና ያለው እዚህ ይመስለኛል፤ ማንም ግን «ለደም ማነስ» ብሎ በሠንጠረዥ አይጽፈውም። ገብስ ሲበቅል፣ ማለትም ረጥቦ ሲያቆጠቁጥ፣ ፋይቴዝ የሚባለው ውስጡ ያለ ኢንዛይም ይነቃና ፋይቴቱን መሰባበር ይጀምራል። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ደግሞ መኮምጠጡ ይህንኑ ሥራ ይቀጥለዋል። በአንጻሩ ገብሱ ሲቆላ ኢንዛይሙ በሙቀት ይሞታል፤ ፋይቴቱ ግን አብዛኛው ይቀራል። እንግዲህ ከአንድ ጎተራ ወጥቶ ከአንድ ማሳ የታጨደ ገብስ፣ በሶ ሲሆንና ብቅል ገብቶበት በደንብ የቦካ እንጀራ ሲሆን፣ ብረቱ እኩል ሆኖ ሳለ ጥቅሙ እኩል አይሆንም። በበሶና በቆሎ የምትውል ሴትና በእንጀራ የምትውል ሴት ፌሪቲን ይለያይ እንደሆነ ማጥናት ከ20 ተክል ምዝገባ ይበልጣል።

የቡናው ነገር ከዚህ አይለይም። በ1983 የታተመ አንድ ሙከራ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ጉዳት አላመጣም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግብ ጋር እንደተጠጣው ጎዳ። የእኛ ቡና የሚፈላው ከምግብ በኋላ ነው። ሥርዓቱን ሳይነኩ ሰዓቱን ብቻ ማዛወር ይቻል እንደሆነ መሞከር ለአንድ የማስተርስ ተማሪ አቅም የሚበቃ ሥራ ነው፤ ያለ ቤተ ሙከራ ግን አይሆንም።

ከድስቱም አንድ ነገር አለ። አብዱልአዚዝ አዲሽና ባልደረቦቹ በ1999 በላንሴት መጽሔት ያሳተሙት በኢትዮጵያ የተሠራ ሙከራ፣ በአዩርቬዳና በእኛ ኩሽና መካከል ያለውን ድልድይ ከማንኛውም ጥናት በላይ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። 407 ሕፃናት፣ ከየቤቱ አንድ፣ በዕጣ ተመድበው የአንዱ ወገን ቤተሰቦች በብረት ድስት፣ የሌላው በአሉሚኒየም ድስት አንድ ዓመት አበሰሉ። የብረት ድስቱ ልጆች ሄሞግሎቢን በ1.7፣ የአሉሚኒየሙ በ0.4 ግራም በዴሲሊትር ጨመረ፤ ልዩነቱ 1.3 ነው። ብረትን አቃጥሎ ዱቄት የሚያደርገው ሕንዳዊ ቀማሚና በብረት ድስት የምታበስለው እናት የሚሠሩት ሥራ ከመሠረቱ አንድ ነው። በመንዝ ቤት ወጥ የሚሠራበት የሸክላ ድስት ለአሉሚኒየም ቦታ እየለቀቀ ባለበት በዚህ ዘመን፣ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ምርጫ መኖሩ ሊታሰብበት ይገባል። ማነጻጸሪያ ቡድን ያለው፣ በዕጣ የተመደበ፣ ቤት ውስጥ የተሠራ ሙከራ እንዲህ ያለው ነው፤ እኛ ግን እንደ አብነት ስንጠቅሰው እምብዛም አይታይም።

ባህሉን ሁሉ ደግሞ በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። ዋግምት ደም ያስወጣል። የአንድ ሰው ሄሞግሎቢን 13 ቢሆን በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 45 ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለ፤ አንጀት በቀን የሚመጥጠው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ግራም ከሆነ ያንን ለመተካት ወር ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ኮሶና እንቆቆም ቢሆኑ የሚያስወጡት የከብት ሥጋ ኮሶ ትልን ነው፤ ብረት በማጉደል የሚታወቀው ደም መጣጩ መንጠቆ ትል ነው፤ እርሱም እጩን ለማሳደግ ሞቃትና እርጥብ አፈር ስለሚሻ ብርዳማው የመንዝ ደጋ አይመቸውም። ሕንዳዊው ቅመማ የትል መድኃኒት የጨመረበት ምክንያት በሞቃት ሜዳ ትክክል ነበር፤ ጓሳ ላይ ትርጉሙ ይቀንሳል፤ በጀማና በወንጭት ሸለቆ ግን እንደገና ይነሣል። በሸለቆዎቹ ወባም አለ፤ ወባ ያመጣው የደም ማነስ ደግሞ በብረት አይድንም።

የሦስቱ አካባቢዎች ትልቅ ዕድል እዚህ ላይ ይታየኛል። ከሸለቆዎቹ ተነሥቶ፣ 2000 ሜትርን ጥቂት በሚያልፈው የዓለም ከተማ አምባ አልፎ፣ እስከ መንዝና ግሼ ጫፍ ድረስ በአጭር ርቀት ከፍታው ከእጥፍ በላይ ይለወጣል። ቋንቋው አንድ ነው፤ ጾሙም በአብዛኛው አንድ ነው። እህሉ ግን ከማሽላና ከጤፍ ወደ ገብስ ይለወጣል፤ ወባውና ትሉ እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ተቀናሹ እየጨመረ ይሄዳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚለወጡ በሄሞግሎቢን ብቻ መለየት አይቻልም። በሦስት ከፍታ ላይ በዕጣ የተመረጡ ሴቶች ከደም ሥር በተወሰደ ደም ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲንና ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን ቢለካላቸው፣ የወባና የሰገራ ምርመራ ቢጨመር፣ በላይኛው ደጋ «ደም አነሳት» የምትባለው ሴት ብረት የጎደላት ናት ወይስ ሠንጠረዥ የጎዳት የሚለው ይመለሳል። ሥራው ውድ ነው፤ ናሙናውን በቅዝቃዜ አዲስ አበባ ማድረስን ይጠይቃል፤ አንድ ተማሪ ብቻውን አይወጣውም። በየዓመቱ ለየብቻ ለሚሠሩ የተክል ምዝገባዎች የሚወጣው ገንዘብ ቢሰበሰብ ግን የሚያንስ አይመስለኝም።

ያ እስኪሆን ለነፍሰ ጡሯ ምን ይባላል? ክኒኗን ትውሰድ ነው የሚባለው። በእርግዝና የብረት ፍላጎት ስለሚጨምር የመለያ ነጥቡ ክርክር እርሷን ከክኒኑ ለማራቅ ምክንያት አይሆንም። በ2016 ጥናት መሠረት በአገራችን ከወለዱ ሴቶች 42 በመቶው ብቻ የብረት ክኒን የወሰዱ ሲሆን 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ከነፍሰ ጡሮች ጋር የሚሠራ ማንኛውም የባህል ምግብ ሙከራ ሁለቱም ወገን ክኒኑን እንዲያገኝ አድርጎ፣ ብቅሉን ወይም ድስቱን ወይም የቡናውን ሰዓት በላዩ መጨመር ይገባዋል። ሳማን ከክኒን ጋር ማወዳደር ጥናት አይደለም። በገበያ በዱቄት የታሸገ «የደም ማነስ መድኃኒት» ካለም የብረቱ መጠን ከመለካቱ በፊት እርሳሱ ይለካ።

መጠይቁም መቀየር አለበት። «የደም ማነስ» የሚለው ቃል ከጤና ጣቢያ የወጣ ነው፤ አጥኚው ይዞት ሲገባ ተጠያቂው ለቃሉ የሚስማማ ቅጠል ይፈልግለታል። ሰው በቤቱ የሚናገረው ገረጣች፣ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ስትነሣ ዓይኗ ይጨልማል፣ ዳገት ላይ ልቧ ይመታል እያለ ነው፤ ከእነዚህም አንዳንዱ የወፍ በሽታ፣ አንዳንዱ የአራስነት ድካም፣ አንዳንዱ የረኀብ ሊሆን ይችላል። ለሽማግሌዋ የሚቀርበው ጥያቄ «እማማ፣ ለደም ማነስ የትኛውን ተክል ይጠቀማሉ?» ሳይሆን «እማማ፣ አንዲት ሴት ደሟ እንዳለቀ በምን ያውቃሉ? ተሻላት የሚሉትስ ምን ሲያዩ ነው?» ቢሆን፣ መልሱ ከፌሪቲኑ ቁጥር ጎን ሊቀመጥና ከእርሱ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።